ከወንጪ እስከ ገፈርሳ፦ ቤት አልባን ሰው ቤተኛ የማድረግ ታሪካችን

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የአምቦ መንገድ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ገፈርሳን ያገኛል። ከዚያ መናገሻን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ አምቦ ይደርሳል። ከአምቦ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ በወንጪ ደጋ በኩል ወደ ወሊሶ ይወርዳል። አገሩ የሚታወቀው በማዕድን ውኃው፣ በጤፉና በሐይቁ ነው። በዚሁ መስመር ላይ ግን እምብዛም ያልተጻፈለት ሌላ ታሪክ አለ፤ ቤትም ዘመድም ያጣ ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ሲፈልግና አልፎ አልፎም ሲያገኝ የኖረበት ታሪክ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከጎዳና የሚወጡ ሰዎችን በቋሚ ቤት ማኖርና ከቤቱ ጋር የሕክምና፣ የምክርና የገቢ ድጋፍ ማያያዝ እንደ አዲስ ጥበብ ይቆጠራል። ወደ እኛ አገር ሲመጣም ከውጭ የገባ ፕሮጀክት መስሎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይለያል። የምዕራብ ሸዋና የአካባቢዋ ታሪክ እንደሚያሳየው ሰው ከጎዳና ወጥቶ የሚጸናው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው፦ ጣሪያ፣ አብሮት የሚሆን ሰው፣ ከዚያ ቤት ማንም እንዳያስወጣው የሚጠብቀው መብት። እያንዳንዱ ዘመን ከሦስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ይዟል፤ ሦስቱንም አንድ ላይ በሥርዓት የያዘ ዘመን ግን እስካሁን አልመጣም። ሥራው የቀረውም ለእኛ ነው።

ከወንጪ እንጀምር። ወንጪ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሥር ትተዳደር እንጂ በገበያዋም በመንገዷም ከአምቦ የማትለይ የደጋ አገር ናት። የጥንት እሳተ ገሞራ በተወው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ሐይቁ ተኝቷል፤ በዙሪያው ፍል ውኃና የማዕድን ምንጭ ይፈልቃል፤ በሐይቁ ውስጥ ባለችው ደሴት ደግሞ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ። ምእመናን በጀልባ ተሻግረው ይሳለማሉ። ፈዋሽ የተባለ ውኃና ገዳም በአንድ ቦታ ሲገናኙ በአገራችን ምን እንደሚከተል የታወቀ ነው። ሐኪም ያጣ፣ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት፣ ዘመድ የሰለቸው ወይም አእምሮው የታወከበት ሰው ወደዚያ ይመጣል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሱባኤ ብሎ የመጣው ጸበልተኛ ወር ይቆያል፤ የሚመለስበት የሌለው ዓመታት ይቆያል። ይህ የወንጪ ብቻ አይደለም። በእንጦጦም ሆነ በሌሎች የጸበል ቦታዎች ጸበልተኞች በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ወይም ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አምቦ ራሷ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራች የፍል ውኃ ከተማ ናት፤ ወሊሶም እንዲሁ የፍል ውኃ ከተማ ናት። ይህን አካባቢ ከሌላው በተለየ የሕሙማን መድረሻ ያደረገው የመሬቱ ተፈጥሮ ነው።

የገዳሙና የጸበሉ ሥርዓት ለቤት አልባው ምን ሰጠው? በመጀመሪያ ማንነቱን ሳይጠይቅ ተቀበለው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ድሀን ማስጠጋት ለሰጪው የነፍስ ጉዳይ እንጂ ለተቀባዩ የብቃት ፈተና አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሥራ ሰጠው። ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ አቅመ ደካማውን ደግፎ ወደ ጸበል የሚያወርድ ሰው በማኅበሩ ውስጥ ስፍራ ነበረው። ሦስተኛ፣ የቀኑን ሰዓት ሰጠው፤ ጸሎቱ፣ ቅዳሴው፣ ጾሙና በዓሉ መልክ ላጣ ሕይወት መልክ ሰጡ። በቤልጅየም የምትገኘው ጊል የተባለች ከተማም በተመሳሳይ መንገድ ትታወቃለች። በቅድስት ዲምፍና መቃብር ለመፈወስ የሚመጡ የአእምሮ ሕሙማን ሲበዙና ቤተ ክርስቲያኑ ሲጠብባቸው የከተማዋ ቤተሰቦች እየወሰዱ በየቤታቸው አኖሯቸው። ልማዱ ከመካከለኛው ዘመን አንሥቶ ዘለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻም ከ3,000 በላይ ሕሙማን በቤተሰብ ውስጥ ይኖሩ ነበር። በጊልና በእኛ የጸበል ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት በሰዎቹ ደግነት ላይ አይደለም። በጊል መንግሥት ቆይቶ ገባና ለአሳዳሪው ቤተሰብ አበል፣ ለሕመምተኛው ሐኪም መደበ። በእኛ ዘንድ ጸበልተኛው ያለ አበልና ያለ ሐኪም፣ በአስተናጋጁ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣሪያና ሰው ነበረው፤ መብት ግን አልነበረውም።

ከገዳሙ ውጭ ያለው ባላገር ደግሞ የራሱ መንገድ ነበረው። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ወላጅ ያጣ ልጅ በጉዲፈቻ የቤቱ ልጅ ይሆናል፤ የአሳዳጊውን ስም ይይዛል፤ ይወርሳል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ወይም ወገን ደግሞ በሞጋሳ ሥርዓት ወደ ጎሳው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በጎሳው ሕግ ይጠበቃል፤ ደሙም እንደ ወንድም ደም ይቆጠራል። ቤቱ የሚሠራው በደቦ ነው። ማገሩን፣ ጭቃውንና ሣሩን መንደሩ ተባብሮ በጥቂት ቀን ያቆመዋል። በእንዲህ ያለ አገር የቤት እጦት ማለት በአብዛኛው የዘመድ እጦት ማለት ነበር፤ መድኃኒቱም ዘመድ ማድረግ ነበር። ዛሬ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ከጎዳና የወጣ ሰው ዳግም የሚመለሰው ብቸኝነት ሲያሸንፈው ነው ይላሉ። ሜጫዎች ይህን የሚያውቁት በጥናት ሳይሆን በሕጋቸው ነበር፤ ሰውየውን ከማስጠለላቸው በፊት የማን እንደሆነ ይወስኑ ነበር።

ይህን ታሪክ ያለ ነቀፋ ማቅረብ ግን ለእውነት ታማኝ አይደለም። አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊሞግት ይችላል፦ ያ ዘመን የጥገኝነት ዘመን አልነበረምን? በሞጋሳ የገባው ወገን በብዙ ቦታ ገበሮ ተብሎ ከዋናው ጎሳ ዝቅ ብሎ ኖሯል። በምዕራቡ አገር የባሪያ ንግድ ለረጅም ጊዜ ተካሂዷል። በባላባቱና በመኳንንቱ ግቢ የተጠጋው ችግረኛም እንጀራውን የሚበላው በጉልበቱና በነጻነቱ ዋጋ ነበር። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። በቀድሞው መንገድ የተጠጋ ሰው ክብሩን ጭምር የሚያጣበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ያን ዘመን እንዳለ እንመልሰው የሚል ክርክር የለኝም። የምለው፣ ከዚያ ዘመን መውሰድ የሚገባን አንድ ዕውቀት አለ፤ እርሱም ጣሪያ ያለ ሰው እንደማይበቃ ነው። ከዚያ ዘመን መጣል የሚገባን ደግሞ ተጠጊው በአስጠጊው ፈቃድ ብቻ መኖሩን ነው። ጥገኝነትን የፈጠረው አብሮ መኖሩ ሳይሆን መብት አለመኖሩ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው።

ከተማ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አዲስ ዓለም በምኒልክ ዘመን፣ የማገዶ እጥረት አዲስ አበባን ባስጨነቀበት ወቅት፣ አዲስ መናገሻ እንድትሆን ታስባ ተቆረቆረች፤ ዋና ከተማው ሳይዛወር ቀረና ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አምቦ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የማዕድን ውኃዋ በጠርሙስ መታሸግ ሲጀምር፣ ቀጥሎም ወደ ወለጋ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ ሲሠራ፣ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ከተማ ሆና አደገች። የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሻይ ሻጭ፣ የቤት ሠራተኛና ተሸካሚ ከገጠር መጣ። ለእነዚህ ሰዎች ቤት በደቦ የሚቆም አልሆነም፤ በወር የሚከፈልበት ኪራይ ሆነ። ከቤት ለመውጣት ከእንግዲህ ዘመድ ማጣት አያስፈልግም፤ የአንድ ወር ገንዘብ ማጣት በቂ ነው። ከተማው ለዚህ የሰጠው መልስ ዕድር ነው። ዕድር ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ በከተሞች እየተስፋፋ የዘመድን ቦታ ተክቷል፤ ሲሞቱ ይቀብራል፤ ሲታመሙ ይጠይቃል፤ ድንኳኑንና ወንበሩን ያበድራል። ነገር ግን ዕድር የተተከለው በሰፈር ላይ ነው። ቤት የሌለው ሰፈር የለውም፤ መዋጮ የማይከፍል ከመዝገብ ይሰረዛል። ሰውየው ቤቱን ባጣ ማግስት ቀባሪውንም ያጣል። ጎዳና ላይ የሞተውን ማዘጋጃ ቤት የሚቀብረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማው የተወውን ለመቀበል ተቋማት በአዲስ አበባ ዳርቻና በዚሁ መንገድ ዳር ተነሡ። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ በ1920ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የዘነበ ወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ትምህርት ይሰጠናል። ሕሙማን ከመላው አገር መጡ፤ ብዙዎች ከተፈወሱም በኋላ አልተመለሱም፤ ምክንያቱም በትውልድ መንደራቸው የሚቀበላቸው አልነበረም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ሠሩ፤ ተጋቡ፤ ፈትል ፈተሉ፤ ጥልፍ ጠለፉ፤ ሠፈር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛው አለርት በዚያው ሲቋቋም ያገኘው ሕሙማንን ብቻ ሳይሆን አንድ ሕዝብ ነበር። ሐኪም በአቅራቢያ፣ ሥራ በእጅ፣ እርስ በርስ የማይሸማቀቁ ጎረቤቶች በግራና በቀኝ፤ ዛሬ ባለሙያዎች በወረቀት የሚነድፉትን እነዚህ ሰዎች በተገፉበት ቦታ በራሳቸው ሠሩት። የጎደላቸው የይዞታ ማረጋገጫና የሌላው ከተሜ አክብሮት ነበር፤ ለዚህም ኋላ ማኅበር አቋቁመው ታግለዋል።

ከዚያ ወጣ ብሎ በመናገሻ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የቼሻየር ማዕከል በፖሊዮ ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀ ነበር። ሕፃኑ መጥቶ ይታከማል፤ ድጋፍ ሰጪ ጫማና ክራንች ይሠራለታል፤ መራመድ ይለማመዳል፤ ከዚያ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። ማዕከሉ መሸጋገሪያ እንጂ መቅሪያ አልነበረም። በገፈርሳ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ግን የተለየ ዕጣ ደረሰው። በጣሊያን ዘመን ከተቋቋመው ከአማኑኤል ሆስፒታል የሚወጡና ጠያቂ የሌላቸው ሕሙማን ወደዚያ ይላኩ ነበር፤ ብዙዎቹም ዕድሜያቸውን በዚያው ጨረሱ። ገፈርሳን ለዚህ ያበቃው የሠራተኞቹ ስንፍና አይደለም። ከማገገሚያው በር ውጭ የሚቀጥል ነገር ስላልነበረ ነው። መድኃኒት የሚወስድ፣ ጤናው የተረጋጋ፣ አልጋ ማንጠፍና ማጀት መጥረግ የሚችል ሰው ወዴት ይሂድ? የሚከራይበት ገንዘብ የለውም፤ የሚያከራየው የለም፤ የሚያየው ጤና ባለሙያ የለም። መናገሻ የተሳካለት ወላጆች ስለሚጠብቁ ነው። ገፈርሳ የከበደው የሚጠብቅ ስላልነበረ ነው። በመካከል ሊኖር የሚገባው፣ ማለትም በከተማ መካከል ያለ፣ ድጋፍ የማይለየው ተራ ቤት፣ ያኔም አልነበረም፤ ዛሬም በበቂ የለም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዕለት ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሚደርስ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። የዝቅተኛው ነዋሪ ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ይህ አዋጅ ብዙ በደል አድርሷል፤ ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበው አንድ ሁለት ክፍል ሠርተው በማከራየት የሚተዳደሩ አሮጊቶችን ሳይቀር ከመተዳደሪያቸው ነቅሏል። ቀበሌው ከኪራዩ የሚያገኘው ሳንቲም ጣሪያ ለመጠገን እንኳ ስላልበቃ ቤቶቹ እያረጁ ሄዱ። ይህን ሁሉ ሳንዘነጋ ግን አንድ እውነት መመዝገብ አለበት፤ በአምቦም ሆነ በአዲስ አበባ እጅግ ድሀ የሆነው ሰው ለአሥርተ ዓመታት ከጎዳና የተጠበቀው በቀበሌ ቤት ነው። ማንም ለዚህ ዓላማ ብሎ ያልነደፈው የቤት አልባነት መከላከያ ነበር። ባልየው ሲሞት ሚስት አልተባረረችም፤ ሥራ ያጣው በማግስቱ አልወጣም። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ድሀው ከሦስቱ ነገሮች ሁለቱን፣ ጣሪያና መብትን፣ አንድ ላይ አገኘ። ሰፈሩ ከነዕድሩና ከነቡናው ሲቆይለት ደግሞ ሦስተኛውንም ያገኝ ነበር፤ ይህ ግን በአጋጣሚ እንጂ በሥርዓት አልነበረም።

ደርግ የቤቱን ትምህርት ራሱ አልተማረውም። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር ሲያሰፍር ሰፋሪው መሬትና ጎጆ ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን ከቤተሰቡ፣ ከአጥቢያውና ከሚያውቀው የአየር ጠባይ ተነቅሏል፤ ብዙው ያለ ፈቃዱ ሄዷል፤ ብዙው በበሽታ አልቋል፤ የቻለው ጠፍቶ ተመልሷል። ሰው ከሰው ተነጥሎ የሚሰጠው ጣሪያ ምን ያህል እንደማይጸና ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ የለንም። ዛሬም ለስብሰባና ለበዓል ሲባል የጎዳና ነዋሪን በመኪና ጭኖ ከከተማ ማራቅ መፍትሔ የሚመስለው ባለሥልጣን ይህን ታሪክ ቢያነብ ይበጀው ነበር። የተጫነው ሰው ይመለሳል፤ የሚመለሰውም የሚያውቀው ሰው፣ የሚለምንበት ደጅና የሚያድርበት በረንዳ እዚያው ስለሆነ ነው።

1996 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች የተገናኙበት ዓመት ነው። በአንድ በኩል የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞች ወጣ። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ወጣ፤ መተዳደሪያ የሌለውና በየመንገዱ የሚገኝ ሰው በፖሊስ ዓይን የሚታይበት ሕግ ሆነ። አንዱ መዝገብ ለቆጣቢው ቤት ከፈተ፤ ሌላው መዝገብ ለማይቆጥበው እስር ቤት ከፈተ። በ2005 ዓ.ም. ለዝቅተኛ ገቢ ተብሎ የወጣው የ10/90 መርሐ ግብር እንኳ ነዋሪው በወር 187 ብር እንዲቆጥብና ቅድመ ክፍያውን አሟልቶ ቀሪውን በባንክ ዕዳ እንዲከፍል ይጠይቅ ነበር። ቋሚ ገቢ፣ የቀበሌ መታወቂያና የባንክ ደብተር ያለው ድሀ ሊሞክረው ይችል ነበር። ጎዳና ላይ ያለው ግን መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ይጠየቃል፤ ቤት ለማግኘት መታወቂያ ይጠየቃል። መልሶ ማልማቱና የኮሪደር ልማቱ አሮጌዎቹን የቀበሌ ቤቶች ሲያነሡ የተነሺው ጎረቤትና ዕድር አብሮ እንደሚበተን፣ የድሀው የመጨረሻ የቤት ክምችትም እየሳሳ እንደሚሄድ ማንም ሊክደው አይችልም። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ ለመጠበቅ መነሣቱ መልካም ጅምር ነው፤ ግን የሚጠብቀው ተከራይ የሆነውን ነው።

ክፍተቱን የሞላው በብዛት የግለሰብ ርኅራኄ ነው። የማዘር ተሬዛ እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ገብተው ማንም የማይነካቸውን ሕሙማን ተቀበሉ። ቢኒያም በለጠ ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና አንሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አጥቦ፣ አልብሶና አብልቶ ያኖራል። ሕዝቡም በልግስናው አልጠፋም። ይህን ሥራ ማቃለል ኃጢአት ነው። ያም ሆኖ ማንኛውም ትልቅ ማዕከል ዕጣው የገፈርሳ እንዳይሆን የሚያደርገው ከእርሱ ውጭ ያለው ነገር ነው። ማዕከል ሁሉንም ለዘላለም ማስተናገድ አይችልም፤ የዳነው ሲወጣ የሚገባበት ከሌለ ማዕከሉ ይሞላል፤ በሩም ሳይወድ ይዘጋል። በመንግሥት በኩል የከተማ ምግብ ዋስትናና የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ለጎዳና ነዋሪዎች ጭምር ድጋፍ አካትቶ ነበር። ሆኖም የጀመረው በ11 ከተሞች ነው፤ አምቦ ከእነርሱ አልነበረችም። ከገጠር የተነቀለ የምዕራብ ሸዋ ልጅ በአቅራቢያው ከተማ የሚይዘው ሲያጣ ወደ አዲስ አበባ መሄዱ ለምን ይገርማል?

አሁን ለዚህ አሳብ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች እንመልከት። የመጀመሪያው፣ ድሀ አገር ነን፤ ለሠራተኛው ቤት ሳይኖር ለጎዳና ነዋሪ ቤት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ነው። ነገር ግን ስሌቱ አንዱን ዓምድ ብቻ ያያል። ቤት አልባው አሁንም ወጪ ነው፤ በድንገተኛ ክፍል፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በማዘጋጃ ቤት ቀብርና በየጊዜው ተነሥቶ በሚመለስበት ጉዞ። ደግሞም እዚህ ያስፈለገው አዲስ ፎቅ አይደለም። ከተሞቻችን አሁንም የቀበሌ ቤት አላቸው፤ ነዋሪው ሲሞት ወይም ሲለቅ የሚመለስ ክፍል አለ። ያ ክፍል በትውውቅ ወይም በጉቦ እንዳይተላለፍ አድርጎ ለዚህ ዓላማ መያዝ ከግንባታ ይልቅ ሥርዓት የሚፈልግ ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ አልባ ልጆችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ መኖሪያ ቤትን ከፖሊሲ ዓላማዎች አንዱ አድርጎታል። አቅም በፈቀደ መጠን ማለት ምንም አለማድረግ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ መጀመሪያ ይታከም፣ መጠጡን ይተው፣ ከዚያ ቤት ይሰጠው የሚለው ነው። ችግሩ ከባድ መሆኑ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ጎዳና ከሚያድሩ 217 ሰዎች መካከል 90 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዘ ችግር ተገኝቶባቸዋል፤ 41 በመቶዎቹ ሳይኮሲስ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ታዲያ ይህ ቁጥር የሚለን ምንድን ነው? በበረንዳ የሚያድር ሰው መድኃኒቱን የት ያኑረው? ክኒኑ በዝናብ ይርሳል ወይም ይሰረቃል፤ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው የለም፤ እንቅልፍ የሚያስወስደውን መድኃኒት ወስዶ ጎዳና ላይ መተኛት ደግሞ ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። በኒው ዮርክ ሳም ሴምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1992 ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ ቤቱን ያለ ቅድመ ሁኔታ ሰጠና ሕክምናውን ወደ ቤቱ አመጣ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህን የአገር ፖሊሲ አድርጋ የጅምላ ማደሪያዎችን ወደ ቋሚ መኖሪያነት ለወጠች። ካናዳ በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ባሳተፈ ሙከራ መረመረችው፤ ቤት በቅድሚያ ያገኙት ሰዎች በቤታቸው የመጽናታቸው ነገር ከሌሎቹ በግልጽ በለጠ። ሕመሙ በቤቱ ብቻ እንዳልተፈወሰም ሙከራው አሳይቷል፤ ቤት መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒት የሚሠራበት ቦታ ነው። በወንጪ ዙሪያ የሚኖረው ጸበልተኛም ከመዳኑ በፊት ነው ማደሪያ ያገኘው። ቅደም ተከተሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከከተማ አስተዳደሮች የሚሰማ ነው፦ እኛ ከጀመርን የሌላው ከተማ ችግረኛ ሁሉ ወደ እኛ ይጎርፋል። አንድ ከተማ ብቻዋን ከጀመረች ሥጋቱ መሠረት አለው። መልሱ ግን ጊንጪም፣ ሆለታም፣ ጉደርም፣ ወሊሶም እንደ አቅማቸው እንዲጀምሩ ማድረግ ነው። ሰው ከትውልድ ቦታው የሚርቀው በአቅራቢያው ስለሚያጣ ነው፤ በአቅራቢያው ካገኘ ዘመዱ የሚጠይቀው፣ ቋንቋውን የሚሰማው፣ ሲበረታም ወደ እርሻው የሚመለስበት ዕድል ይኖረዋል። አራተኛው ደግሞ ሃይማኖታችንና ባህላችን ይበቃናል የሚል ነው። ታሪኩን እስከዚህ የተከተለ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ገዳሙ፣ ጉዲፈቻውና ዕድሩ ሰው ሰጥተዋል፤ ያለ እነርሱ የትኛውም ፕሮግራም ባዶ ክፍል ነው። ለቤት አልባ ሁሉ የሚጸና መብት ግን ሊሰጡ አይችሉም፤ ሰጪው ሲደክም ወይም ሲሞት ተቀባዩ ይወድቃል። መብት መስጠት የሕግና የመንግሥት ሥራ ነው።

ስለዚህ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚሆነው መንገድ ከታሪካቸው የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ማዘጋጃ ቤቱ ከሚመለሱለት የቀበሌ ቤቶች የተወሰኑትን በዚህ ዓላማ መዝግቦ ይያዝ፤ በአንድ ግቢ ከመከማቸት ይልቅ በየሰፈሩ ይበተኑ። ለገባው ሰው የኪራይ ውል ይፈረምለት፤ በውሉም መታወቂያ ያውጣ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ትየው፤ የአእምሮ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ይሰጠው፤ ሲከብድም የአምቦ ሆስፒታሎች ይቀበሉት። በኦሮሚያ ከጥንቱ የመረዳጃ ልማድ ተነሥቶ ወደ መንግሥታዊ ተቋምነት ያደገው ቡሳ ጎኖፋ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስንቁን ይቻለው። የሰፈሩ ዕድር ደግሞ የመግቢያ ክፍያውን ትቶ በመዝገቡ ያስገባው፤ ለዕድሩ አንድ መዋጮ ብቻ ቢቀርበት ለሰውየው ሰፈር መለሰለት ማለት ነው። ሥራ በሚችለው መጠን ይፈለግለት፤ በወንጪ የቱሪዝም ማኅበር ባለ ፈረሶችና አስጎብኚዎች ተራ ይዘው ገቢ እንደሚካፈሉት ሁሉ የተራ ሥራ ያለበት ማኅበር በየከተማው አይጠፋም። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች፤ የገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም መንገድና ማረፊያ አምጥቶላታል። ለእንግዳ ማረፊያ የሠራ አካባቢ ለራሱ ልጅ ማደሪያ መሥራት አያቅተውም።

የዚህ ታሪክ ፍርድ ግልጽ ነው። የሰው ደግነት በዚህ አገር ጎድሎ አያውቅም፤ የጎደለው ደግነቱ ሲደክም የሚተካው ሕግ ነው። የመንግሥት ቤትም ኖሮን ያውቃል፤ የጎደለው በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው የሚጠይቅ ነው። ሦስቱን ለማገናኘት አዲስ ዕውቀት ወይም የውጭ ፈቃድ አንጠብቅም። የከተማችሁ ምክር ቤት በሚቀጥለው በጀት ሲቀመጥ፣ የዕድራችሁም ዓመታዊ ስብሰባ ሲደርስ፣ አንድ ክፍልና አንድ ስም ይመዝገብ ብላችሁ ጠይቁ።